የእህቴ ልጅ ሆንዳና የእናቴ ወገብ

ብሩክሊን ሲባል ኒው ዮርክ ትዝ የሚላችሁ ብዙ እንደምትሆኑ አውቃለሁ። እኔ የምኖርባት ብሩክሊን ሴንተር ግን ከሚኒያፖሊስ በስተሰሜን፣ ሚሲሲፒ ወንዝን ታክካ የተቀመጠች አነስተኛ ከተማ ናት። ላይቤሪያዊው፣ ሕሞንጉ፣ ሜክሲኳዊውና የእኛም ሰው ተደባልቆ ይኖርባታል። ስለ ብርዷ የሚኒሶታን ስም የሰማ ሁሉ ስለሚያውቅ ጊዜያችሁን አላጠፋም። ዛሬ ላወጋችሁ ያሰብኩት በረዶው ሲሄድ ትቶልን ስለሚሄደው ጉድጓድ ነው። በዚያ ጉድጓድ ላይ መኪናዬን አራት ጣት ዝቅ አድርጌ ካልነዳሁ ሞቼ እገኛለሁ ስላለ አንድ ጎረምሳም ጭምር።

ጎረምሳው የእህቴ ልጅ ነው። እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ሌሊት መጋዘን እየሠራ ቀን ኮሌጅ የሚማር የ21 ዓመት ልጅ። በራሱ ላብ የገዛት የ2000 ሞዴል ሆንዳ ሲቪክ አለችው፤ በዕድሜ መኪናዋ ታላቁ ናት። ሊብሬዋ በሱ ስም ይሁን እንጂ ሥራዋ የቤተሰቡ ነው። እናቴን፣ ማለትም አያቱን፣ በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊት እጥበት የሚያደርሳትና የሚመልሳት እሱ ነው። እኔ አውቶቡስ እነዳለሁ፣ እናቱ አረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች፤ በዚያ ሰዓት ሁለታችንም ሥራ ላይ ነን። ስለዚህ የሲቪኳ ጉዳይ የጎረምሳ ጨዋታ ብቻ አይደለም።

ልጁ ባለፈው ጥቅምት ለማንም ሳይናገር መኪናዋን አንድ ሰውዬ ጓሮ ወስዶ በ80 ዶላር ሞላዎቿን አስቆረጠ። እዚህ ላይ ለወጣት አንባቢዎቻችን አንድ ነገር ልበል። ሞላ የምንለው እየተጨመቀና እየተለቀቀ መኪናዋን የሚሸከመው ጥምዝምዝ ብረት ነው። የአገራችን ጋራዥ ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ መሆኑን ታውቃላችሁ፦ ሞላ፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ፓራፋንጎ፣ ካቻቢቴ... ጣሊያን ከ5 ዓመት ወረራው ተባርሮ ሲወጣ ጥሎት ከሄደው ብረታ ብረት ሁሉ ያልዛገው ይህ ቃሉ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በረዶው ወራት እንደምንም አለፈ። ሚያዝያ ሲገባ ግን ጉዱ መጣ። በዚህ አገር ጉድጓድ የሚፈጠረው እንዲህ ነው፦ ቀን የቀለጠው ውሃ በአስፋልቱ ስንጥቅ ይሰርጋል። ማታ ሲቀዘቅዝ ወደ በረዶነት ተለውጦ በ9 በመቶ ያህል ያብጥና አስፋልቱን ከሥር ያነሣዋል። በማግስቱ ሲቀልጥ ሥሩ ባዶ ይቀራል፤ ከባድ መኪና ሲያልፍበት ይደረመሳል። ከእነዚህ አንዱ ብሩክሊን ቡሌቫርድ ላይ አንድ ማክሰኞ ጠዋት የእህቴን ልጅ ጠበቀው። እናቴ ከጎኑ ተቀምጣ ነበር። ድምፁ፣ እሱ እንደነገረኝ፣ መዶሻ በርሜል ላይ እንደወደቀ ያለ ነበር። እናቴ ወገቧን ይዛ ትንሽ ዝም አለችና፣

«ልጄ፣ ይህቺ መኪናህ ሥጋ የላትም እንዴ? አጥንት ብቻ ናት?» አለችው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። እህቴ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ደወለችልኝ፤ «ወንድምጋሼ፣ ወይ መኪናዋን አስተካክልለት፣ ወይ ሽጠህ ሌላ ግዛለት!» ትላለች። እኔ አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። በቤተሰቡ ዘንድ ከመኪና ጋር የተያያዘ ነገር ሁሉ እኔ ላይ ነው የሚወድቀው።

ቅዳሜ ዕለት ልጁ መጣ። የምለውን ንግግር ሁሉ አሰናድቼ ነበር፤ ስለ ኃላፊነት፣ ስለ አያቱ፣ ስለ እናቱ ድካም። አንገቱን ደፍቶ ቀደመኝ።

«ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ። ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ፤ አሁን በደንቡ መሥራት ነው የምፈልገው። ግን ዝቅ ማለቷ አይቀርም።»

ንግግሬ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ክሪኩን አምጣ አልኩት።

የፊቱን ጎማ ፈታን። የተቆረጠው ሞላ መኪናዋ ተነሥታ ጎማው ሲንጠለጠል መቀመጫውን ለቅቆ በእጅ ይወዛወዛል። መኪናዋ ዘላ ስትወርድ ቦታውን ስቶ ቢቀመጥ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። ሾክ አብዞርበሩ ዘይቱን አልቅሶ ጨርሷል። ሾኩ ጉዞውን ሲጨርስ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ የምትቀመጠው ጎሚኒ ተጨፍልቃ እንደ ዱቄት ትራገፋለች። ጎማው ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፤ ከውስጥ በኩል ግን ሽቦው ታይቷል። በዚያ ጎማ ነው እናቴ ሃይዌይ ላይ ስትመላለስ የከረመችው። እኔም ልጁም ለጥቂት ጊዜ አልተናገርንም።

ሰዎች ሞላ ሲቆረጥ የሚለሰልስ ይመስላቸዋል። የተገላቢጦሽ ነው። አንድ ሞላ 8 የሚሠሩ ጥምዞች ቢኖሩትና 2ቱ ቢቆረጡ፣ የቀረው በሢሶ ያህል ይጠነክራል። ግን ያም አይበቃም። ችግሩ ያለው ከጎማው በላይ በቀረው የመርገጫ ቦታ ላይ ነው። ፋብሪካው ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ወደ ላይ የሚሄድበት የተወሰነ ርቀት ትቶለታል። ያ ርቀት በግማሽ ከቀነሰ፣ ያንኑ ምት ተቀብሎ ለማብረድ ሞላው በግምት አራት እጥፍ መጠንከር ይኖርበታል። የተቆረጠው ሞላ በሢሶ ጠነከረ እንጂ አራት እጥፍ አልሆነም። ስለዚህ ቀሪውን ምት የሚቀበለው ያቺ ምስኪን ጎሚኒ ናት፤ እሷ ስታልቅ ደግሞ የእናቴ ወገብ።

ቡና ተፈልቶ በረንዳው ላይ ስንቀመጥ «እስቲ ለምን?» ብዬ ጠየቅሁት። «እኛ አገር ቤት መኪና ከፍ ለማድረግ ነው የምንለፋው።» እውነቴን ነው። ዛሬም ቪትዝ የገዛ ብዙ ሰው ሆዷ በፍጥነት መቀነሻው እንዳይፋቅ ከሞላው ላይ ስፔሰር አስገብቶ ያስነሣታል። በእኔ ጊዜ ደግሞ ሥራችን የውይይት ታክሲዎች ነበሩ። የቶዮታ ፒክአፕ ባሌስትራ ላይ አንድ ቅጠል እንጨምርና ሰው እንደ ጆንያ ይጫንባቸዋል። ባዶአቸውን ሲሄዱ ተሳፋሪውን ከጣሪያ ያላትሙት ነበር። እንግዲህ መኪናን ዝቅ ለማድረግ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ለእኔ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ የሚጨምር ነበር የሚመስለኝ።

ልጁ ስልኩን አውጥቶ ያሳየኝ ጀመር። ይህ ነገር ታሪክ አለው ለካ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሎስ አንጀለስ የሜክሲኮ ተወላጅ ወጣቶች አሮጌ ሼቭሮሌት እየገዙ፣ ገንዘብ ላጣ አሸዋ በጆንያ ግንዱ ውስጥ እየጫነ፣ ሌላው ሞላ እየቆረጠ መኪናውን ዝቅ አድርጎ በዋናው መንገድ በቀስታ ይንሸራሸርበት ነበር። ነጩ ጎረምሳ ለፍጥነት ሲሮጥ እነሱ ቀስ ማለትን መረጡ። ካሊፎርኒያ በፈረንጅ 1958 ማንኛውም የመኪና አካል ከቸርኬው ታችኛ ጠርዝ በታች እንዳይወርድ የሚከለክል ሕግ አወጣች። በዓመቱ፣ በ1959፣ ሮን አጊሬ የተባለ ወጣት ከአውሮፕላን ተራፊ ዕቃ የሃይድሮሊክ ፓምፕ አምጥቶ በኮርቬቱ ላይ ገጠመ። ፖሊስ ሲመጣ ቁልፍ ተጭኖ መኪናውን ከፍ ያደርጋል፤ ፖሊሱ ሲሄድ ይመልሳታል! ሕጉ የተነሣው በ2023 በወጣ ሌላ ሕግ ነው፤ ከ2024 መግቢያ ጀምሮ በካሊፎርኒያ ዝቅ ያለ መኪና ይዞ መንሸራሸር ወንጀል አይደለም። ከ60 ዓመት በላይ መሆኑ ነው።

«ሰው መኪናዬን ሲያይ አሮጌ ሆንዳ ብሎ እንዲያልፍ አልፈልግም፤ የሆነ ሰው እንዳሰበባት እንዲያውቅ ነው» አለኝ ልጁ። በ20 ዓመቴ ጫማዬን በቀን ሦስት ጊዜ አስጠርግ የነበርኩ ሰው ለዚህ ምን መልስ አለኝ?

ወደ ምርጫው ገባን። ልጁ መጀመሪያ የቋመጠው ለኮይሎቨር ነበር። ሞላና ሾክ አንድ ላይ ተገጥሞ፣ በጥርስ ላይ በሚዞር ቀለበት ከፍታው የሚስተካከል ዕቃ ነው። ጥሩው ጥሩ ነው፤ ዋጋውም እንዲሁ። ልጁ ያየው ግን የአራቱ ጎማ ዋጋ የአንድ ደህና ሾክ ዋጋ የማይሞላ ዓይነት ነበር። የዚህ ዓይነቱ ርካሽ ሞላው እንደ ድንጋይ ይጠነክርና ሾኩ ሊቆጣጠረው ሲያቅተው መኪናዋ እንደ ፍየል ትዘላለች። ሌላም አለ። አንዳንዱ ኮይሎቨር መኪናዋን ዝቅ የሚያደርገው የሞላውን መቀመጫ ብቻ በማውረድ ነው፤ ያ የመርገጫ ቦታዋን ይበላል። ሌላው ከታች በኩል ያለውን እግሩን ለብቻው ያሳጥራል፤ ከሾኩ ጉዞ አይቀንስም። ሻጩ ይህን ልዩነት ካልነገራችሁ ጠይቁት፤ ካላወቀው ደህና ዋል በሉት።

ሚኒሶታ ላይ ደግሞ ጨው አለ። ከኅዳር እስከ መጋቢት መንገዱ ላይ የሚረጨው ጨው ያንን ውብ ጥርስ ከቀለበቱ ጋር አዝጎ ያጣብቀዋል። በሁለተኛው ዓመት የሚስተካከል ተብሎ የተገዛው ዕቃ የማይስተካከል ይሆናል። በየመጸው አጥቦ ቅባት የሚቀባ ሰው ብቻ ነው የሚጠቀምበት። ልጁን «አንተ አልጋህን ታነጥፋለህ?» አልኩት። ሳቀ።

ቀጥሎ የአየሩ መጣ። በሞላው ቦታ የጎማ ከረጢት ገብቶ፣ በኮምፕሬሰር አየር እየተሞላና እየተነፈሰ መኪናዋን እንደ ግመል የሚያንበረክካትና የሚያስነሣት ነው። እናቴ ስትገባ ከፍ፣ ጓደኞቹ ሲያዩት ዝቅ! እኔም ለጥቂት ደቂቃ ልቤ ሄዶ ነበር። ይሁንና ዋጋው ከመኪናዋ ይበልጣል። አየሩ ይዞት የሚገባው እርጥበትም በደንብ ካልተጣራ ቱቦውና ቫልቩ ውስጥ በረዶ ይሠራል። ጥር ላይ፣ ከዜሮ ፋራናይት በታች ሲሆን፣ እጥበት ቀጠሮ ያላት ሴት መኪናዋ ተንበርክካ ቀረች ልትባል አይገባም።

የቀረው ለመኪናዋ ተብሎ በፋብሪካ የተጠመዘዘ አጭር ሞላ፣ ከሱ ጋር ከሚመጥን ሾክ ጋር ነው። ከሞላው ሾኩን አስበልጣችሁ ተመልከቱ። ሞላ ይሸከማል፣ ይመልሳልም። ያን መመለስ አንገቱን ይዞ የሚያዘገየው ሾኩ ነው። ጠንካራ ሞላ ለለስላሳ ሞላ በተሠራ አሮጌ ሾክ ላይ ቢገጠም፣ መኪናዋ ከጉድጓዱ በኋላም ትናጣለች፤ ሾኩም ዕድሜው ያጥራል። ብዙ ልጆች ሞላውን ገዝተው ገንዘብ ሲያልቅባቸው ሾኩን ለሌላ ጊዜ ያቆዩታል። ያ ሌላ ጊዜ አይመጣም።

ልጁ አይባክ የሚባለውን የጀርመን ሞላ መረጠ፤ እኔ ደግሞ ኮኒ የሚባለውን የሆላንድ ሾክ አቀረብኩለት። የኮኒው ስፖርት ሾክ የመመለሻው ኃይል ስለሚስተካከል፣ እናቴ ስትሳፈር ማለስለስ ይቻላል ብዬ ነው። ዋጋው ሁለቱ አንድ ላይ ከሺህ ዶላር አለፈ። ልጁ የሦስት ወር የሌሊት ሥራውን ቆጠረና ፊቱ ጠቆረ። «ሁለት ጣት ብቻ ዝቅ ለሚል?» አለ። ምክንያቱም ያ ሞላ የሚያወርደው ወደ አራት ሳንቲ ሜትር ነው፤ እሱ የፈለገው የዚያን እጥፍ ነበር። እዚህ ላይ ክርክሩ ከረረ። እሱ ሁለት ጣት ለዓይን አይታይም ይላል፤ እኔ ከዚያ በላይ የመርገጫ ቦታው ያልቃል እላለሁ። የሲቪኳ እግር በላይና በታች ክንድ የተያዘ በመሆኑ ዝቅ በተባለ ቁጥር የጎማው ራስ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ያ የተመለጠ ጎማ ከየት እንደመጣ አይቷል። እህቴ ከወጥ ቤት «የምን ጣት ነው የምትቆጥሩት?» እያለች ትጮሃለች።

የፈረደችው እናቴ ናት፤ ሳታውቀው። ኮኒ የተባለው ድርጅት በ1857 ሲቋቋም የፈረስ ዕቃ ይሠራ እንደነበር፣ ወደ ሾክ ሥራ የገባው በ1930ዎቹ እንደሆነ ለልጁ ስነግረው ሰማችኝ።

«እንግዲያ ነገሩን ያውቁታል» አለች። «አባቴ ደብረ ታቦር ገበያ በቅሎ ሲገዛ ቁመቷንም ኮርቻዋንም አያይም ነበር። ይቀመጥባትና ያስኬዳታል። ሰጋር ከሆነች፣ በእጁ የያዘው ቡና ሳይፈስ ትሄዳለች። ሰጋር በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ምን ቢለብስ ያምርበታል።»

ልጁ ሰጋር ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ማታውን ሁለቱንም ዕቃ አዘዘ።

ሥራው ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። ላይቤሪያዊው ጎረቤቴ ሞላ ማመቂያውን አዋሰን። የታመቀ ሞላ የተቀባበለ ጠብመንጃ ነው፤ ፊታችሁን ከአፈሙዙ አትግጠሙት። ልምዱ የሌለው ሰው ይህን ክፍል ለባለሙያ ይተወው። ከኋላ በኩል የሾኩ ታችኛ ቡሎን በጨው ዝጎ ከጎሚኒው ቱቦ ጋር አንድ አካል ሆኖ ነበር። ዘይት አጠጣነው፣ በእሳት አሞቅነው፣ ለመንነው። በመጨረሻ በሴጌቶ ቆርጠን አዲስ አስገባን። ይህን የምጽፈው በረዶ አገር የምትኖሩ ሁሉ አዲስ ቡሎን አስቀድማችሁ እንድትገዙ ነው። እኛ እሑድ ተዘግቶብን ሳምንት ሙሉ መኪናዋ በክሪክ ላይ ቆማ፣ እናቴን እኔ ፈረቃ እየለወጥኩ አመላለስኳት።

ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ የክንዶቹን ቡሎኖች ላጠብቅ መፍቻ ሳነሣ ልጁ እጄን ያዘኝ።

«ጋሼ፣ አሁን አይደለም። ጎማው መሬት ሲረግጥ ነው።»

ተቆጣሁ። 11 ዓመት ሙሉ በአየር ላይ እያለች ነው ያጠበቅነው። እሱ ግን አስረዳኝ። ጎሚኒው ከመሀሉ ቱቦ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ፣ እግሩ ተንጠልጥሎ እያለ ከጠበቀ መኪናዋ ስትወርድ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ሌት ተቀን እንደተወጠረ ቶሎ ይቀደዳል፤ ከፍታዋንም ያዛባል። አዲስ አበባ በየስድስት ወሩ ጎሚኒ ስንቀይር ጥፋቱን በኮረብታውና በኮብልስቶኑ እያሳበብን ኖረናል። መፍቻውን ሰጠሁት። ጎማዎቹን በጣውላ ላይ አቁሞ፣ ከሥር ገብቶ ራሱ አጠበቀ።

ሞላው እስኪረጋ አንድ ሳምንት ነድቷት አላይመንት አስገባናት። ብዙ ሰው የጎማውን ወደ ውስጥ ማዘንበል ይፈራል። ጎማ ቶሎ የሚጨርሰው ግን ሁለቱ ጎማዎች ከፊት መጠጋጋታቸው ወይም መራራቃቸው ነው። ያ ከተስተካከለ ትንሽ ማዘንበሉን ትችለዋለች። ዝቅ ብላ አላይመንት ያልገባች መኪና ጎማ በወራት ትበላለች። የፊት መብራቱንም አስተካከልን።

ይህን ሁሉ ሠርታችሁ የሚቆጣጠራችሁ መንግሥት እንዳለ አታስቡ። አገር ቤት ዓመታዊ ምርመራ ሳያልፉ ቦሎ አይገኝም። ሚኒሶታ ግን የግል መኪና ሞላና ፍሬን በየዓመቱ አይታ የምታልፍበት ምርመራ የላትም። በ1990ዎቹ የነበረው የጭስ ምርመራ እንኳ በ1999 ቀርቷል። ያ የጓሮ ሰውዬ የቆረጠው ሞላ ስድስት ወር ሙሉ የተንከራተተው ጠያቂ ስላልነበረው ነው። ኢንሹራንሳችሁ ግን አደጋ ሲደርስ ሊጠይቅ ይችላልና የለወጣችሁትን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ደረሰኙንም አትጣሉ።

ባለፈው ሐሙስ ፈረቃዬ የከሰዓት ስለነበር ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አብሬያቸው ሄድኩ። ልጁ ከመነሣታችን በፊት ኮፈኑን ከፍቶ የፊት ሾኮቹን ጫፍ በጣቱ ወደ ለስላሳው በኩል ሲያዞር አየሁት፤ ማንም አላዘዘውም። በብሩክሊን ቡሌቫርድ ወርደን፣ በ1962 ተከፍቶ በ2010 በተዘጋው በብሩክዴል የገበያ አዳራሽ ቦታ በኩል ስናልፍ እናቴ ስለ አባቷ በቅሎ ትተርክ ነበር። በቅሎዋ ዓባይን ስትሻገር ምን እንደሆነች እየነገረችን ሳለ መኪናዋ ያንን ጉድጓድ ረገጠች። ከተማው ገና አልደፈነውም። ጎማው ገብቶ ሲወጣ ተሰማኝ፤ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ዝም። ልጁ በመስታወቱ ውስጥ ዓይኔን ፈለገ። እናቴ በቅሎዋን ገና አላሻገረችም ነበር፤ ወሬዋን አላቋረጠችም።

ክሊኒኩ በር ላይ ደረስን። ልጁ ዞሮ በሩን ከፈተላት። እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ እግሯን አወጣችና ለመነሣት ሞከረች፤ አልሆነላትም።

«እጅህን ስጠኝ» አለችው። «ደህና ትሄዳለች፤ ግን እንደ በርጩማ ዝቅ ብላለች።»